ለጋ ናት፤ አታንሷት

ቦርከና ከጨፋ ሮቢት በታች ሜዳውን አግኝቶ በሚዘረጋበት ስፍራ፣ ከመሻገሪያዎቹ በአንደኛው ዳር መልካ ኩራ የምትባል መንደር አለች። በዚያች መንደር ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ በስተምዕራብ ባለው ደጋ ላይ ደመናው መክበድ ሲጀምር፣ ሰዎች በትልቁ ሾላ ሥር ተሰብስበው ወዳጃ ይቀመጣሉ። በአንድነት ዱዓ ያደርሳሉ፤ ጫት ይታደላል፤ በመጨረሻም የውሃው ታሪክ ይነገራል። የውሃው ታሪክ ሳይነገር በታችኛው ማሳ ላይ ማሾ የሚዘራ ገበሬ የለም። ታሪኩን የምትናገረውም ታሪኩ የሚነገርላት ሴት ራሷ ናት።

አባቷ ያወጣላት ስም ዘሊካ ነው። የመንደሩ ሰው ግን ለጊቱ ይላታል፤ በኦሮምኛ «ለጋ» ማለት ወንዝ ነውና፣ ስሙ የወንዟ እንደ ማለት ነው። ዕድሜዋ ስድሳን ሊነካ ነው። ቁመቷ መካከለኛ፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ፣ ሻሽዋ ሁልጊዜ በጥብቅ የታሰረ ሴት ናት። በየዓመቱ በሾላው ሥር ተነሥታ የምትናገረው ነገር አንድ ነው፤ ቃሉም አይለወጥም።

በታላቁ ሙላት ዘመን እናቷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ውሃው በማታ ደርሶ ከቤት ሲያስወጣቸው፣ ሴቶቹ ሾላው ወዳለበት ጉብታ ሸሹ። በግራም በቀኝም ውሃ ሆነ። እናቲቱን ምጥ የያዛት በዚያ ነው። ከሴቶቹ መካከል የምታዋልድ አልነበረችም፤ ከተራራው ወርዳ ገበያ ስትሄድ ሙላቱ ያገዳት አንዲት እንግዳ ሴት ግን ነበረች። ልጅቷን ያች እንግዳ ተቀበለቻት። ውሃው የሾላውን ሥር ነክቶ ቆመ። እንግዳይቱም ሕፃኗን በሸማዋ ጠቅልላ ለሴቶቹ አንድ ቃል ተናገረች፦ «ከን ለጋቲ፤ አሲ ሂን ካሲና።» የወንዙ ናት፤ ከዚህ አታንሷት። ሲነጋ ውሃው ጎደለ፤ ከመንደሩም አንድ ነፍስ አልጠፋም ነበር።

ለጊቱ ይህን ተናግራ ስትቀመጥ ሰው ሁሉ «አሚን» ይላል። እርሷም አብራ «አሚን» ትላለች፤ ቃሉ በዕድሜዋ ሙሉ የታሰረችበት ገመድ ቢሆንም።

ሴቶቹ ያን ቃል ለባሎቻቸው ነገሩ፤ ባሎቻቸውም ለልጆቻቸው። ልጅቷ ለትምህርት ስትደርስ ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ስለዚህ አልተማረችም። ለጋብቻ ስትደርስ ከማል የሚባል የሰንበቴ የከብት ነጋዴ ጠየቃት። በአገሩ ወግ ሙሽሪት ወደ ሙሽራው ቤት ትሄዳለች። የመልካ ኩራ ሽማግሌዎች ግን «እርሷን ይዞ መሄድ አይሆንም፤ ከወደድካት አንተ ና» አሉት። ከማል ወደዳት፤ መጣም። በሰንበቴ ገበያ ጓደኞቹ እስኪሞት ድረስ «ሴቲቱን ነው ያገባኸው ወይስ ቦርከናን?» እያሉ ሳቁበት። እርሱም «ቦርከናን፤ ሴቲቱ ምራቂ ናት» እያለ ይመልስላቸው ነበር።

ካገባች ወዲህ በዕለቱ እስከ ተመለሰች ድረስ አይከለክሏትም፤ በበጋ ወደ ጨፋ ሮቢት ገበያ ትወጣለች፤ ከሚሴም ደርሳ በዕለቱ ትመለሳለች። በክረምት ግን ከዚያ ዳር ውጭ ያደረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የከማል እናት ሞታ ለለቅሶ ሰንበቴ ሄደች። በዚያው ሌሊት የጎረቤቷና የልጅነት ጓደኛዋ የዓዲላ ባል ከብት ሊያሻግር ገብቶ ውሃው ወሰደው። ለጊቱ ስትመለስ ማንም አልወቀሳትም። ቢወቅሷት ኖሮ መልስ ይኖራት ነበር። ዓዲላ እንኳ ክፉ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ወዲህ ግን በየክረምቱ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዓዲላ በለጊቱ ደጃፍ ታልፋለች። አንገቷን አስግጋ «አለሽ?» ትላለች። ለጊቱም «አለሁ» ትላለች። ዓዲላ ትሄዳለች። በሁለቱ መካከል ስለዚያ ሌሊት ከዚህ ሌላ ተብሎ አያውቅም።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ሱዓድ ከከሚሴ ደወለች። ሱዓድ የለጊቱ አንድያ ልጅ ናት፤ ቶፊቅ የሚባል የባጃጅ ሾፌር አግብታ ከተማ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን መልካ ኩራ መጥታ ልትወልድ ስትል ምጡ ጠንቶባት፣ ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ ልጁ በመንገድ ሞቶባታል። አሁን ሁለተኛውን ይዛለች።

«ኡሚ፣ ሐኪሙ ከሆስፒታል አትራቂ ብሎኛል። መውለጃዬ ነሐሴ ነው። ትመጫለሽ አይደል?»

«ነሐሴ?» አለች ለጊቱ።

«ነሐሴ። ወሩን እኔ አልመረጥኩት፣ ኡሚ።»

«ኢንሻ አላህ እንነጋገራለን።»

«አንነጋገርም። አንቺ ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ። ብቻዬን አልወልድም።»

ለጊቱ ልጇን ታውቃታለች፤ የተናገረችውን ታደርጋለች። ሱዓድ ወደ መልካ ኩራ ብትመጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ቀደም አይታለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ስታየው ዋለች። ማዶው ቅርብ ነው፤ በበጋ ሕፃን ይሻገረዋል።

በሳምንቱ ጨው ልትገዛ ጨፋ ሮቢት ወጣች። በጎመን ተራ አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ለጋ ጎመን! ለጋ ነው! እሳት ከማየቱ የሚበስል!» እያለች ትጣራለች። ዑሙልኸይር ትባላለች፤ ከተራራው ሰዎች ወገን ናት፣ በየሳምንቱ ወርዳ ትሸጣለች።

ለጊቱ ቆማ «ከጠዋት ጀምረሽ ወንዝ ወንዝ የምትዪው ቦርከናን ልትሸጪልን ነው?» አለቻት፤ ቃሉን በኦሮምኛ ወስዳ መቀለዷ ነበር።

ዑሙልኸይር ሳቀች። «ቦርከናን ማን ይገዛኛል? በነጻም አይወስዱት። ከየት ነሽ፣ እቴ?»

«ከመልካ ኩራ።»

«ከመልካ ኩራ! እናቴ ሀዲጃ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሙላቱ ዘመን እዚያ አንዲት ልጅ አዋልዳ ነበር። ያለ ወሯ የመጣች፣ ጣት የምታህል። እናቴ ኦሮምኛ አትችልም፤ ሴቶቹም አማርኛው እምብዛም ነበሩ። ብርድ እንዳይገድላት ብላ ‹ለጋ ናት፤ ካለችበት አታንሷት› ብትላቸው፣ ሁሉም ፊታቸው ጠቁሮ እርስ በርስ ተያዩ አሉ። ሲነጋ ነጭ ዶሮ አስይዘው ሸኟት። እስክትሞት ድረስ ‹ለአንዲት ቃል ዶሮ!› እያለች ትስቅ ነበር።»

«ምን ብላ ነበር ያልሽኝ?»

«ለጋ ናት አለቻ። ገና ናት፣ አልጠነከረችም። እንደዚህ ጎመን።» ዑሙልኸይር አንዱን ቅጠል አንሥታ አሳየቻት።

ለጊቱ ሁለቱንም ቋንቋ ከልጅነቷ ጀምራ ትናገራለች። ነገር ግን ያ ቃል ለእርሷ የደረሳት በኦሮምኛ ብቻ ነበር፤ በኦሮምኛ ሰምታ በኦሮምኛ ስታስተላልፈው ኖረች። እንግዳይቱ በምን ቋንቋ እንደ ተናገረች የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በጨለማ፣ በውሃ ተከበው የተቀመጡት ሴቶች «ናት» የሚለውን ዐወቁ፤ «አታንሷት» የሚለውንም ዐወቁ፤ መካከል ያለውን ቃል ግን የራሳቸው አድርገው ሰሙት። በዚያ ሌሊትስ ከወንዝ በቀር ምን ሊሰሙ ይችሉ ነበር?

«ያች ልጅ ተርፋ ይሆን?» አለች ዑሙልኸይር።

«አለች» አለች ለጊቱ። «እስካሁን አላነሷትም።»

ጨውዋን ሳትገዛ ተመለሰች። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች በሼህ ሙሀዲን ቤት ሲሰበሰቡ ገብታ የሰማችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሥርዓት ነገረቻቸው። ሼህ ሙሀዲን የመንደሩ አዛውንት ናቸው፤ ከጎናቸው በድሩ የሚባለው ማሾ ዘሪ ተቀምጦ ነበር። ዓዲላም በር አጠገብ ነበረች።

ነገሩን ስትጨርስ መጀመሪያ የሳቀው በድሩ ነው። «ታዲያ አባቶቻችን አንድ ነጭ ዶሮ ለጎመን ከፍለዋል በሉኛ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ለጊቱም አብራ ሳቀች፤ ሳቁ ሲያልቅ በሩ የሚከፈት መስሏት ነበር።

ሼህ ሙሀዲን ጺማቸውን ዳሰሱ። «ልጄ፣ ጠባቂው አላህ ነው፤ አንቺ ሰበብ ነሽ። ይህን ሁልጊዜ ተናግሬአለሁ። ሴቲቱ በአማርኛ ተናግራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ውሃው በምን ሰማ?»

«ውሃ ይሰማል እንዴ፣ አባቴ?»

«እንደ ሰማ ሆኖ ኖሯል እኮ።»

«ቦርከና አማርኛ አያውቅም» አለ በድሩ። «እዚሁ ከኛ ጋር ያደገ ነው።»

እንደገና ሳቁ። በዚህኛው ሳቅ ለጊቱ አልተባበረችም። እውነቱን ይዛ የመጣችው በገመዱ ላይ ቢላዋ አድርጋ ነበር፤ እነርሱ ግን ቢላዋውንም ከገመዱ ጋር አብረው ገመዱት። ወደ ዓዲላ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዓዲላ ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። «እኔ ቃል አላውቅም። አንቺ ሰንበቴ ሄድሽ፤ የኔ ሰው አልተመለሰም። የማውቀው ይኼን ነው።»



ለጊቱ ወደ ልጇ ተነሥታ ብትሄድ እጇን ይዞ የሚያስቀራት አልነበረም። ይህንንም ታውቃለች። አንድ ማለዳ ማንም ሳያያት ወደ መሻገሪያው ወረደች፤ ልብሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። ውሃው ገና ቀላል ነበር። መካከል ላይ ስትደርስ የዓዲላ ባል ትዝ አላት፤ በድሩም፣ የበድሩ ልጆችም፣ ሼሁም በተራ ትዝ አሏት። እግሯ እንቢ አለ። ጎመኑን በዐይኗ አይታ፣ ቃሉን በጆሮዋ ሰምታ፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ አብልጣ የምታምነው እርሷ ራሷ መሆኗን ያወቀችው በዚያን ጊዜ ነው። ዞራ ወጣች።

በሰኔ መጨረሻ ሱዓድ እንደገና ደወለች። «ሐሙስ ቶፊቅ በባጃጅ እስከ ጨፋ ሮቢት ያመጣኛል። ከዚያ በእግሬ እወርዳለሁ።»

«አይሆንም።»

«ታዲያ ነይ።»

«እስከ ሐሙስ ታገሺኝ» አለች ለጊቱ። «ረቡዕ የውሃው ወዳጃ ነው።»

ረቡዕ በሾላው ሥር መንደሩ በሙሉ ተቀመጠ። ዱዓው አለቀ። ለጊቱ ተነሥታ ታሪኩን እንደ ወትሮው ጀመረች፤ ሙላቱን፣ ጉብታውን፣ ምጡን፣ እንግዳይቱን አንድ በአንድ አስኬደችው። የወንዙ ናት፤ ከዚህ አታንሷት። ሰዎቹ «አሚን» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አነሣች።

«አላለቀም» አለች። ታሪኩ አላለቀም ሲባል ማንም ሰምቶ አያውቅም ነበር። «የወንዙ ልጅ ናት ብላችኋል፤ እሺ። እኔ የወንዙ ልጅ ከሆንሁ፣ ሱዓድ ለወንዙ ምኑ ናት?»

«የልጅ ልጁ» አለች አንዲት ሴት።

«ሱዓድ ልትወልድ ነው። በአገራችን ልጅ ስትወልድ ከእናት ቤት ሰው አይሄድም?»

«ይሄዳል» አሉ ሴቶቹ ባንድነት። በዚህ ነገር የማያውቁት ወግ የለም።

«ሱዓድ ያለችው ከሚሴ ነው። ከሚሴ ደግሞ ከኛ በላይ ናት። ቦርከና በደጇ አልፎ መጥቷል፤ አሁን ወደኋላ ዞሮ ሽቅብ ይሂድ? ውሃ ከወረደ መመለሻ የለውም። ከቤቱ እግር ያላት እኔ ብቻ ነኝ። ቅድመ አያት የልጅ ልጁን አራስ የሚጠይቀው በማን ነው? ማንን ይላክ?»

በድሩ ጉንጩን አሻሸ። «ነገሩ መንገድ አለው» አለ ቀስ ብሎ። «ላኪ ከላከ መልእክተኛ አይታገድም።»

ሼህ ሙሀዲን እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ዓዲላ አዩ። ዓዲላ ልጆቿን ስትወልድ እናቷ ከአጠገቧ እንደ ነበረች ያስታወሰችው ይመስላል፤ ወይም ሌላ ነገር፤ ፊቷ አይናገርም።

«ትሂድ» አለች። «ማታ ማታ መብራቷን እኔ አበራለሁ። ቤቷ ባዶ መሆኑ እንዳይታይ እኔ እገባበታለሁ።»

«እንግዲያው ስትመለሽ ሕፃኑን ይዘሽ ነይ» አለ በድሩ ፈጥኖ። «ውሃው ይየው። የራሱ ዘር ነው።»

«አሚን!» አለ መንደሩ ሁሉ። ለጊቱም ከደስታዋ የተነሣ አብራ «አሚን» አለች።

በነጋታው ወንዶቹ ራሳቸው አሻገሯት፤ በድሩ ጓዟን ተሸክሞ «መልእክተኛዋን አደራ!» እያለ በውሃው ይቀልድ ነበር። ሱዓድ የተከራየችው ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ለጊቱ በዚያ ሐምሌን አሳለፈች። ዝናብ በመጣ ቁጥር ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች። ቶፊቅ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ከሰላምታ በፊት «ቦርከና እንዴት ዋለ?» ትለዋለች።

«ኡሚ፣ እኔ የማውቀው የአስፋልቱን ጉድጓድ ነው» ይላታል። ሆኖም ከድልድዩ በኩል ባለፈ ቁጥር ወርዶ አይቶላት ይመለስ ነበር። ከመልካ ኩራ ወጥታ እንኳ መልካ ኩራ አልለቀቀቻትም። ፀሐይ ስትጠልቅ «አለሽ?» የሚላት ድምፅ ይናፍቃታል፤ መልሱን በልቧ ትመልሳለች።

ነሐሴ ሲጀምር ሱዓድ በሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ከቀኗ ጥቂት ቀድማ ነበር የመጣችው። ነርሷ ከእናቷ ደረት ላይ አድርጋ አለበሰቻት፤ ቶፊቅ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋም ገታችው። «ቆይ፣ ለጋ ናት። ካለችበት አታንሷት፤ ትሙቅ።»

ለጊቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ምነው፣ ኡሚ?» አለች ሱዓድ።

«ምንም። አማርኛ እየሰማሁ ነው።»

በዚያው ሳምንት በድሩ ደወለ። ድምፁ ሩጫ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። ውሃው ሞልቶ የታችኛውን ማሾ ጠርጎ ወስዷል፤ ከሰው ግን ማንም አልተነካም። «አልሐምዱሊላህ፣ ወሬ እየጠበቀ ነበር፤ ታግሶናል! ሴት ናት አሉ? ማሻ አላህ። ሾላው ሥር ቦታ ጠርገንላታል። ከአንቺ በኋላ ማን ይሆን እያልን ስንሰጋ ነበር እኮ። መቼ ታመጫታለሽ?»

ለጊቱ ስልኩን ዘግታ ወደ አልጋው ዞረች። ሕፃኗ ከእናቷ ጎን ተኝታለች። እርሷን ያስወጣው በር በማን ላይ እንደሚዘጋ አሁን ገባት። የከፈተችውም በገዛ አፏ፣ በገዛ «አሚን»ዋ ነው።

ሱዓድ ነገሩን ስትሰማ «በቃ፣ አትመለሺ» አለች። «እዚሁ ከኛ ጋር ኑሪ። ማን መጥቶ ይወስድሻል?»

«ዓዲላ በቤቴ ተቀምጣለች።»

«ትውጣ ታዲያ!»

«እኔ ካልገባሁ አትወጣም። አውቃታለሁ።» ለጊቱ የሕፃኗን መጠቅለያ አስተካከለች። «ስሚኝ፣ ሱዓድ። ይህችን ልጅ ወደዚያ ዳር አትውሰጃት። በራሷ እግር ቆማ፣ በራሷ አፍ ጠይቃ ካልሆነ በቀር።»

«ይቀየሙሻል።»

«እዚያው አብሬአቸው ሆኜ ይቀየሙኝ።»

አራሷ ስትጠነክር፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ለጊቱ ብቻዋን ተመለሰች። የመምጣቷ ወሬ ቀድሟት ነበርና መንደሩ በመሻገሪያው ዳር ቆሞ ጠበቃት። ውሃው ጎድሎ ዳሩ ጭቃ ለብሷል። ስትወጣ ሁሉም መጀመሪያ ያዩት ጀርባዋን ነው። ያዘለችው የለም።

«ልጅቷስ?» አለ በድሩ።

ለጊቱ ልብሷን ጨምቃ ቀና አለች። «ለጋ ናት» አለች። «ካለችበት አታንሷት።»

ማንም አልሳቀም። በድሩ አንዴ ወደ ሼሁ አየ፣ አንዴ ወደ ውሃው። «ማን አለ?»

«አያቷ።»

ሼህ ሙሀዲን በከዘራቸው ጭቃውን ቧጠጡ። ዓዲላ ከሰዎቹ መካከል ወጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። መብራቱን በእጇ ይዛ ነበር።

«በየትኛው ቋንቋ ነው ያለችው?» አለቻት።

«በፈለግሽው ስሚው። በሁለቱም ልጅቷ ያለችው ከሚሴ ነው።»

ዓዲላ መብራቱን አስረከበቻት፤ ከንፈሯ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ፈገግታ ይሁን ሌላ አልለየም። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ተበተነ፤ በሾላው ሥር የተጠረገው ቦታ ባዶውን ቀረ። ለጊቱ ወደ ደጃፏ ሄዳ ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ ተቀመጠች። ፀሐይ ስትጠልቅ ዓዲላ በበሩ አለፈች።

«አለሽ?»

«አለሁ» አለች ለጊቱ።